ስልኩ ከዓለም ከተማ ሲደወል
ስትሮክ የመታውን ወላጅ ማስታመም፣ ማገገሙንም ማገዝ

እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ቡናው ገና አልተፈላም። ስልክዎ ይጮሃል። የደወለችው ዓለም ከተማ ያለችው እኅትዎ ናት፤ በዚህ ሰዓት ደውላ አታውቅም። «አባባ ከቅዳሴ ተመልሰው ቁርስ ሊበሉ ሲቀመጡ እንጀራው ከእጃቸው ወደቀ። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። አፋቸውም ወደ አንድ በኩል ሄዷል፤ የሚሉት አይገባንም» ትላለች። ከኋላዋ የጎረቤት ድምፅ ይሰማዎታል። አንዱ «መጋኛ ነው፤ መድኃኒቱን የሚያውቅ ሰው ይጠራ» ይላል። ሌላዋ «ጸበል ይወሰዱ» ትላለች። ሦስተኛው «እስቲ ትንሽ ይረፉና እንየው» ይላል።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ስልክ እስከ ዛሬ አልተደወለልዎት ይሆናል። አይደወልብዎም እንበል። ነገር ግን አዲስ አበባ ከሚኖሩት ከእኛ መካከል አባቱ ወይም እናቱ ከጀማ ወንዝ ማዶ፣ በመርሐቤቴ፣ በመንዝ ወይም በግሼ ያሉ ብዙ ናቸው። ያቺን ስልክ ያነሣ ሰው በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች የሚናገረው ነገር የአንድን ሰው ቀሪ ዕድሜ ሊለውጥ ይችላል። ከዚያ በኋላ በሚመጡት ወራትና ዓመታት የሚያደርገው ደግሞ ያ ሰው እንዴት እንደሚኖር ይወስናል። ይህ ጽሑፍ ስለ ሁለቱም ነው።

በአንጎል ውስጥ የሆነው ምንድን ነው?

ስትሮክ ማለት ወደ አንድ የአንጎል ክፍል የሚሄደው ደም በድንገት ሲቋረጥ የሚደርስ ጉዳት ነው። ዓይነቱ ሁለት ነው። አንደኛው የደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ ሲሆን በብዛት የሚያጋጥመውም ይኸው ነው። ሁለተኛው የደም ሥር ፈንድቶ ደም ወደ አንጎል ሲፈስ ነው። ለሁለቱም ቀዳሚው መንስኤ የደም ግፊት ነው። የስኳር ሕመም፣ ትምባሆ፣ ሥርዓቱን የሳተ የልብ ምት፣ ብዙ አልኮል መጠጣትም አሉበት። በአገራችን ሌላም አለ፤ በልጅነት በወጉ ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የልብን በሮች ጎድቶ ገና በሃያና በሠላሳ ዓመቱ ያለን ወጣት ለስትሮክ ሊዳርግ ይችላል። ስለዚህ «ገና ልጅ ነው፣ ምን ያገኘዋል?» ማለት አያዋጣም።

የግራው አንጎል የቀኙን አካል፣ የቀኙ አንጎል የግራውን አካል ያዛል። በአብዛኛው ሰው ዘንድ ቋንቋ የሚኖረው በግራው አንጎል ነው። ቀኝ እጃቸው የዛለ አባት ንግግራቸውም አብሮ የሚታሰረው ለዚህ ነው። መጋኛም አይደለም፤ የሰው ዓይንም አይደለም።

ሰዓቱን ይያዙ

ለእኅትዎ ሦስት ነገር እንድትሞክር ይንገሯት። «አባባ፣ እስቲ ፈገግ ይበሉ» ትበላቸው፤ ፊታቸው በአንድ በኩል ይወርዳል? «ሁለቱንም እጅዎን ያንሡ» ትበላቸው፤ አንዱ እጅ ተመልሶ ይወድቃል? «ስምዎ ማን ነው?» ብላ ትጠይቃቸው፤ ቃሉ ይኮላተፋል ወይስ ይጠፋል? ከሦስቱ አንዱ እንኳ በድንገት ከመጣ ስትሮክ ብሎ መጠርጠር ይገባል። ድንገተኛ የዓይን መጋረድ፣ ሚዛን ስቶ መንገዳገድ፣ ከዚያ በፊት ታይቶ የማያውቅ ከባድ ራስ ምታትም ምልክቶች ናቸው።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ሰዓቱ ነው። «ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩት መቼ ነው?» ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ በወረቀት ይጻፍ። ትልቅ የደም ሥር ተዘግቶ ሳይታከም ሲቀር በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የአንጎል ነርቭ ሕዋሳት እንደሚሞቱ የዘርፉ ተመራማሪዎች አስልተዋል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ያውም በሲቲ ስካን ታይቶ በአንጎል ውስጥ የፈሰሰ ደም እንደሌለ ሲረጋገጥ ብቻ። ይህ መድኃኒት በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም። ያም ሆኖ ቶሎ መድረስ ጥቅሙ ትልቅ ነው። ትኩሳትንና ስኳርን መቆጣጠር፣ ምግብ ወደ ሳንባ እንዳይገባ መጠበቅ፣ በጊዜ ማንቀሳቀስ መጀመር፣ እነዚህ ሁሉ ሕይወት ያተርፋሉ።

ምልክቱ በአሥር ደቂቃ ጠፍቶ አባት «ይኸው ደህና ነኝ» ቢሉም ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። እንዲህ መጥቶ የሚያልፍ ምልክት በሚቀጥሉት ቀናት ለሚመጣ ትልቅ ስትሮክ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላልና።

መደረግ የሌለባቸውም አሉ። ውኃም፣ ቡናም፣ ምግብም በአፋቸው አይስጧቸው፤ መዋጥ አቅቷቸው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። አስፒሪን አይስጧቸው፤ የፈሰሰ ደም ከሆነ ያባብሰዋል። «ግፊቱ ወጥቶባቸው ነው» ብሎ የግፊት ክኒን መደራረብም አደጋ ነው። ዋግምት፣ መተኮስ፣ በወጌሻ ማሸት ጊዜ ከመብላት በቀር የተዘጋ የደም ሥር አይከፍቱም። በጎናቸው አስተኝቶ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት በፌስታል ይዞ፣ የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ወይም በቅርብ የተገኘውን መኪና ጠርቶ መንቀሳቀስ ነው።

ከጀማ ማዶ

ዓለም ከተማን የሚያውቅ ሰው መንገዱንም ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ በሱሉልታ፣ በጫንጮ አድርጎ ሙከጡሪ ላይ ከጎጃም መንገድ ይገነጠላል። ለሚን ካለፉ በኋላ መሬቱ ድንገት ይከፈትና መኪናው እየተጠማዘዘ ወደ ጀማ ሸለቆ ይወርዳል። ወንዙን ተሻግሮ እንደገና ሽቅብ ነው። የመርሐቤቴ ደጋ ከዚያ በላይ ተቀምጧል። ይህ መንገድ ለጤነኛ ሰው ውብ ነው። ስትሮክ ለመታው ሰው ግን እያንዳንዱ ጥምዝ ደቂቃ ይበላል።

ስለዚህ «ቀጥታ አዲስ አበባ አምጡልኝ» ከማለትዎ በፊት ያስቡ። ከተማው የራሱ ሆስፒታል አለው። እናት ሆስፒታል በመባል የሚታወቀውን ይህን ሆስፒታል ያሠራው ኦስትሪያዊው ተዋናይ ካርልሄንዝ በም በ1981 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የመሠረተው «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው ድርጅት ነው። መጀመሪያ እዚያ መድረስ፣ ትንፋሽንና ግፊትን ማረጋጋት፣ ስኳርን መለካት ይገባል። የስኳር ማነስ ብቻውን ስትሮክ ሊመስል ይችላልና። ከዚያ ሐኪሙ ሪፈር ሲጽፍ ወደ ደብረ ብርሃን ወይስ ወደ አዲስ አበባ እንደሚሄዱ ይወሰናል።

ዛሬ፣ ማንም ሳይታመም፣ አንድ ነገር ያድርጉ። በሚቀጥለው ጉዞዎ እናት ሆስፒታል ገብተው «ስትሮክ የመታው ሰው ቢመጣ ወዴት ትልኩታላችሁ? አምቡላንስ የሚጠራው እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን የወላጆችዎ ቤት ግድግዳ ላይ በትልቁ ጽፈው ይለጥፉት። መኪና ያለውን ጎረቤት ስልክም ከሥሩ ያኑሩ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነታቸው መታደሱንም ያረጋግጡ።

የአንጎለላው ሰው

ስትሮክ በሸዋ እንግዳ አይደለም፤ ቤተ መንግሥትም ገብቷል። ከሰሜን ሸዋዋ አንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ በመጨረሻዎቹ የሥልጣን ዘመናቸው ተደጋጋሚ ስትሮክ ገጠማቸው። በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽነቱ ታወጀ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. የደረሰባቸው ከባድ ስትሮክ ደግሞ አካላቸውን ሽባ አድርጎ ከመንግሥት ሥራ አወጣቸው። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ያህል ኖረዋል። ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው።

ይህን የምናነሣው ለታሪክ ያህል ብቻ አይደለም። በእነዚያ ዓመታት በሽተኛው ከሰው ዓይን ተሸሸጉ፤ ሞቱ፣ አልሞቱም የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው። እቴጌ ጣይቱ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከፖለቲካው ተገልለው ባላቸውን በማስታመም እንዲወሰኑ ተደረገ። ታላቁ ንጉሥ በአልጋ ላይ ሆነው ስለ እርሳቸው ሌሎች ይወስኑ ነበር። በእያንዳንዳችን ቤትም በትንሹ የሚሆነው ይኸው ነው። አንድ ሰው ስትሮክ ሲመታው ከአካሉ ቀድሞ ድምፁ ይወሰድበታል። መሬቱ፣ ከብቱ፣ የሚተኛበት ክፍል፣ የሚበላው ምግብ፣ ሁሉም እርሱ ሳይጠየቅ ይወሰናል። ሴቲቱም አስታማሚ ብቻ ትሆናለች። የዛሬ መቶ ዓመት ያልነበረን ነገር ዛሬ አለን፤ ስትሮክ የመታው ሰው ተለማምዶ ሊመለስ እንደሚችል እናውቃለን።

ከሆስፒታል ወደ ቤት

አባትን ይዛችሁ የወጣችሁበት ቀን ሕክምናው ያለቀበት ቀን አይደለም። ትልቁ ሥራ የሚጀምረው ያን ቀን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አራት ነገሮች ይወስኗቸዋል።

አንደኛው መዋጥ ነው። ብዙ ሰው በስትሮክ ሳይሆን ከስትሮክ በኋላ በሚመጣ የሳንባ ምች ይሞታል። ሲመገቡ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፤ አገጫቸውን ዝቅ ያድርጉ፤ ጉርሻው ትንሽ ይሁን፤ ቀዳሚው ሳይዋጥ ሌላ አይከተል። ከውኃና ከቡና ይልቅ ወፈር ያለ አጥሚት ለመዋጥ ይቀላል። ሲውጡ የሚያስላቸው ወይም ድምፃቸው የሚረጥብ ከሆነ አቁመው ለሐኪም ይንገሩ። ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ ይቆዩ። በጉርሻ ፍቅርን የምንገልጽ ሕዝብ ነን፤ ለእኚህ ሰው ግን ትልቁ ፍቅር ትንሽዋ ጉርሻ ናት።

ሁለተኛው ቆዳ ነው። መገላበጥ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ በሌላው ጎኑ መዞር አለበት። ቂጥ፣ ተረከዝና ዳሌ በየቀኑ ይታዩ። መቅላት ካለ ቁስል እየመጣ ነው።

ሦስተኛው ትከሻ ነው። የዛለውን እጅ ይዞ መጎተት ትከሻውን ከቦታው ያወልቀዋል፤ ሕመሙ ለወራት ይቆያል። ሲያነሷቸው በብብታቸው ሥር አይሳቡ፤ ወገባቸውን ይያዙ። ሲቀመጡ የዛለው ክንድ በትራስ ይደገፍ።

አራተኛው መውደቅ ነው። ደፉን፣ የተጣጠፈውን ምንጣፍ፣ ዝቅ ያለውን በርጩማ ያስቡ። መደቡ ዝቅ ያለ ከሆነ ከፍ ይበል፤ በቁጢጥ ለሚቀመጡበት መጸዳጃ መቀመጫው የተቦረቦረ ጠንካራ ወንበር አናጺ ያሠሩለት። ግድግዳው ላይ የሚያዝ እንጨት ይመታ። ምርኩዙ የሚያዘው በጤነኛው እጅ ነው። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ ደካማው።

እጅ በሥራ ይመለሳል

አንጎል የሞተውን ሕዋስ መልሶ አያበቅልም። ነገር ግን የተረፈው ክፍል የጠፋውን ሥራ መማር ይችላል። የሚማረው በመደጋገም ነው፤ በጥቂት ሳይሆን በመቶዎች ጊዜ። ፈጣኑ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ከዚያ በኋላ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። ከዓመት በኋላም እጃቸውን የሚከፍቱ አሉ። ስለዚህ «ስድስት ወር አልፏል፣ ከእንግዲህ የለም» የሚልዎትን አይስሙ።

የሚያስፈልገው ፊዚዮቴራፒስት ነው። በአገራችን ቁጥራቸው ገና ብዙ አይደለም፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከሚያሠለጥኗቸው ተቋማት አንዱ ነው። በየቀኑ ማግኘት ካልተቻለ አንድ ጊዜ አግኝታችሁ እንቅስቃሴዎቹን ለእኅትዎ ያሳይ፤ በስልክ ይቀረጽ። ቀሪው የቤት ሥራ ነው፤ መሣሪያውም ቤት ውስጥ ሞልቷል። አንድ ሳህን ሽንብራና ባቄላ ቀላቅለው ያቅርቡላቸው፤ በደካማው እጅ ይለዩት። ስኒውን ከረከቦቱ አንሥተው መልሰው ያስቀምጡ። እናት ከሆኑ ጥጥ ይዳምጡ፤ ሽንኩርት ይላጡ። መቁጠሪያውን ፍሬ በፍሬ ይግፉ። ከወንበር ተነሥቶ መቀመጥን በቀን ብዙ ጊዜ ይደጋግሙ። ልብስ ሲለብሱ ደካማው እጅ ይቅደም፤ ሲያወልቁ ጤነኛው ይቅደም።

እዚህ ላይ የእኛ ደግነት ጠላት ይሆናል። አባት ቁልፋቸውን ለመቆለፍ አሥር ደቂቃ ሲታገሉ ማየት ያማል። ሮጠን እንቆልፍላቸዋለን። ያን ጊዜ የወሰድንባቸው ሕክምናቸውን ነው። ይጠብቋቸው። ጋቢያቸውን ራሳቸው ይልበሱ፤ ቢዘገይም፣ ቢጣመምም።

ድካሙንም ይወቁ። ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ ድካም ስንፍና አይደለም፤ የተጎዳ አንጎል ቀላል ሥራ ለመሥራት ብዙ ይደክማል። ልምምዱ በአጭር በአጭሩ ይሁን፤ በመካከሉ ይረፉ።

ቃል ሲጠፋ፣ ጸሎት ሲተርፍ

ንግግራቸው የታሰረባቸው ሰዎች ቤተሰብ በሚደነቅበት ነገር ልጀምር። «ውኃ» ማለት ያቃታቸው አባት «አባታችን ሆይ» ሲባል አብረው ይወጡታል። እናትም ፋቲሃን ሳያቋርጡ ይጨርሳሉ። አንዳንዱም የልጅነት ዘፈኑን ይዘፍናል፤ ከአንድ እስከ አሥር ይቆጥራል። ይህ የሚሆነው በቃል የተያዘና በዜማ የሚወጣ ነገር አዲስ ዓረፍተ ነገር ከሚፈጥረው የአንጎል ክፍል ውጭም ስለሚቀመጥ ነው። ይህን ይጠቀሙበት። ዳዊቱን አብረው ይድገሙ፤ መዝሙሩን አብረው ይዘምሩ፤ የሳምንቱን ቀናት ይቁጠሩ። ከዚያ ወደ ቃላት ይሻገሩ።

ሲያነጋግሯቸው ፊት ለፊት ይቀመጡ፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጥፉ። አጭር ጥያቄ ይጠይቁ። «ቡና ወይስ ሻይ?» ብለው ሁለቱንም ያሳዩአቸው። እስከ አሥር ቆጥረው መልስ ይጠብቁ። መጮህ አያስፈልግም፤ የታመመው ጆሯቸው አይደለም። ከሁሉም በላይ ይህን አይርሱ፤ መናገር ያቃተው ሰው ማሰብ አላቃተውም።

አንቱታው አይጥፋ

በመርሐቤቴና በመንዝ አባትና እናት አንቱ ተብለው ይጠራሉ። ታዲያ ስትሮክ የመታቸው ዕለት ምን ይሆናል? ጠያቂ ቤቱን ይሞላል፤ በራሳቸው ላይ «ወይ ይሄ ሰው! እንዲህ ሆኖ ቀረ?» ይባላል። እኛም ሳናውቀው «ዋጥ እንጂ! ክፈት አፍህን!» እንላለን። ትናንት ሽማግሌ ሆነው ያስታረቁ ሰው ዛሬ እንደ ሕፃን ይታዘዛሉ። እርሳቸው ግን ይሰማሉ።

አንቱታው ይቆይ። ሰውነታቸውን ሲያጥቡ በሩ ይዘጋ። ልጃቸው ሴት ከሆነች ወንድም ወይም የወንድም ልጅ ይገኝ። ስለ እርሻው፣ ስለ ልጅ ሠርግ ሲመከር በመካከል ይቀመጡ፤ ይጠየቁ፤ ራሳቸውን በመነቅነቅ ቢሆንም ይመልሱ። ጠያቂዎችም ሁለት ሁለት ሆነው ይግቡ፤ ከታማሚው ጋር ያውሩ እንጂ ስለ ታማሚው አያውሩ።

አንዳንድ ጊዜ ያለምክንያት ሲያለቅሱ ወይም በማይሆን ቦታ ሲስቁ ያያሉ። ይህ አንጎሉ የደረሰበት ጉዳት ያመጣው ነው። ሌላ ጊዜ ግን ዝምታው ይረዝማል፤ ምግብ ይጠላል፤ «ምነው በወሰደኝ» ይላሉ። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል በድብርት ይያዛል፤ ድብርት ደግሞ ማገገሙን ይይዘዋል። ይታከማል። ለሐኪሙ ይንገሩ።

አዲስ አበባ ወይስ ዓለም ከተማ?

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወንድምና እኅት ተሰብስበው የሚከራከሩበት ይህ ነው። አዲስ አበባ ያለው «እኔ ዘንድ ይምጡ፤ ሐኪሙ ቅርብ ነው» ይላል። ልክ ነው። ግን የሚኖረው አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አሳንሰር የለም። ቀን ቤቱ ባዶ ነው። አባት ከሠራተኛ ጋር ቴሌቪዥን ላይ ፈጠው ይውላሉ። ዓለም ከተማ ያለችው «እዚሁ ይሁኑ» ትላለች። ግቢው ሜዳ ነው፤ ጎረቤቱ ይገባል ይወጣል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይሰማል። ግን ፊዚዮቴራፒው ሩቅ ነው፤ ሸክሙም በእርሷ ላይ ይወድቃል።

ለሁሉም የሚሆን መልስ የለም። የሚረዳው መከራከሪያውን በወራት መክፈል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የልምምድ ወራት ናቸውና፣ ሕክምናውን ደጋግሞ ማግኘት የሚቻልበት ቦታ ቢመረጥ ይበጃል፤ ምድር ቤት በኪራይ መያዝም ቢሆን። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰው የሚመለሰው ወደ ሕይወቱ ነው። ወደ ደጃፋቸው፣ ወደ ማኅበራቸው፣ ስማቸውን ወደሚያውቅ መንገድ። ከሁሉ በፊት ግን አባትን ይጠይቁ። መናገር ካቃታቸው የሁለቱን ቤት ፎቶ ያሳዩአቸው። ጤነኛ እጃቸው ያመለክታል።

ሁለተኛው እንዳይመጣ

ከሚከሠቱት ስትሮኮች አንድ አራተኛ የሚሆኑት አስቀድሞ ስትሮክ በመታቸው ሰዎች ላይ የሚደርሱ ናቸው። ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ይከፋል። ለማገድ ግን ብዙ ማድረግ ይቻላል።

ግፊቱ በየሳምንቱ ይለካ፤ በደብተር ይጻፍ። በቤት የሚለካ መሣሪያ ቢኖር መልካም ነው፤ ካልሆነ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ወይም ጤና ጣቢያውን ይጠይቁ። የግፊት ክኒን ደህና ሲሆኑ የሚቆም አይደለም። ደህና የሆኑት ስለ ወሰዱት ነው። የደም ሥር መዘጋት ለነበረባቸው ሐኪሙ አስፒሪንና የኮሌስትሮል መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። ክኒኑ አልቆ አንድ ሳምንት እንዳይታለፍ ከአዲስ አበባ የሚልኩት እርስዎ ከሆኑ፣ ከማለቁ አሥር ቀን በፊት ስልክዎ ያስታውስዎት።

ጨው ይቀነስ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ይኸውም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። ሽሮውም፣ ወጡም፣ ዳቦውም፣ በርበሬውም ተደምሮ ማለት ነው። አረቄ ይቅር፤ ትምባሆ ይቁም።

ስለ ጾምና ስለ ጸበልም እንነጋገር፤ ቤታችን ውስጥ አሉና። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ አባት የጠዋቱን ክኒን ሊተዉት ይችላሉ። ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋገሩ፤ ለታመመ ሰው መፍትሔ እንደማያጡ ያያሉ። ጸበል መሄድ ካጽናናቸው ይሂዱ። ግን መድኃኒቱ አብሮ ይሂድ፤ መዋጥ ለሚያስቸግራቸው በግድ አይጠጣ፤ በሚያዳልጥ ድንጋይ ላይ ብቻቸውን አይቁሙ።

አስታማሚዋስ?

በዚህ ሁሉ መካከል የረሳናት አንዲት ሰው አለች። ያን እሑድ ጠዋት የደወለችው እኅትዎ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሁለት ጊዜ ትነሣለች። ወገቧ ያማታል። የራሷ ልጆች «እማዬ መቼ ነው የምትመጭው?» ይሏታል። ሰው ሁሉ «ጽድቅ ነው» ይላታል፤ ጽድቁ ግን እንቅልፍ አይሆናትም።

በየወሩ ብር እልካለሁ ብለው አይዝናኑ። ብሩ ያስፈልጋል፤ ከብሩ በላይ ግን ተራ ያስፈልጋል። በዓመት ፈቃድዎ ሁለት ሳምንት ሄደው ሌሊቱን እርስዎ ይያዙት፤ እርሷ ትተኛ። ሌሎቹም እንዲሁ። እድርና ማኅበር ለለቅሶ ብቻ የተቋቋሙ አይደሉም፤ በሳምንት አንድ ከሰዓት የሚቀመጥ ሰው ጠይቁ። ስልክ ሲደውሉ ደግሞ «አባባ እንዴት ናቸው?» ከማለትዎ በፊት «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ይበሏት።

ስትሮክ ከመታው ሰው ጋር መኖር በአንድ ቀን ድነት የሚታይበት አይደለም። አንድ ቀን አባት ስኒውን በደካማው እጃቸው ወደ አፋቸው ያደርሱታል፤ ግማሹ ይፈስሳል። ሌላ ቀን ስምዎን አስተካክለው ይጠሩታል። ሌላ ቀን ምርኩዛቸውን ይዘው እስከ ግቢው በር ይደርሳሉ። እነዚህን ቀናት በደብተር ይጻፉ፤ የከፋው ቀን ሲመጣ ያነቡላቸዋል።

ዛሬ ማታ ግን ሌላውን ሥራ ይጀምሩ። ዓለም ከተማ ይደውሉ። «አባባ፣ እንዴት ዋሉ?» ካሉ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፤ «ግፊትዎ የተለካው መቼ ነው?»